የዘጠኝ ጣት ቋጠሮ

ቅዳሜ ጠዋት የብርድ ልብስ ፋብሪካው መጋዘን ሲከፈት፣ ዘበኛው ጋሽ ዱጉማ በጎኑ ተጋድሞ ተገኘ። እጆቹ በሱፍ ክር ወደ ኋላ ተጠፍረዋል። አፉ በብጣሽ ሱፍ ተወትፏል። ከጆሮው በላይ የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ ደርቋል፣ የብረት መደርደሪያው ጥግም ደም ነክቶታል። በዙሪያው ብርድ ልብሶች በመቀስ ተተልትለው ተበትነዋል። ከሁሉም አንዲት ብርድ ልብስ ብቻ እንደታጠፈች መደርደሪያው ላይ ቀርታለች። መቀስ አልነካትም።

ከንፋስ ስልክ ፖሊስ ጣቢያ የመቶ አለቃ አባይነህ ሃምሳ አለቃ ዳባን አስከትሎ መጣ። አባይነህ ፊቱ የሚያስፈራ፣ ሆዱ የሚባባ ሰው ነው። ሆዱን ከአለቆቹ ደብቆ ፊቱን ብቻ እያሳየ ነው ለማዕረግ የበቃው። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ሲያይ ቆየና ወደ በሩ ዞረ። የዱጉማ ጋቢ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዱላውም ከሥሩ ተደግፏል።

«ዱላውን በር ላይ ትቶ ነው የገባው» አለ ለዳባ። «ሌባ ሊይዝ የሚገባ ዘበኛ ዱላ አይተውም። የሚያውቀውን ሰው ነው ያየው።»

ከኋላቸው አንድ ባለመነጽር ሰው እጁን እያፍተለተለ ቆሟል። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ተመራማሪ ነው፤ ዶክተር ወጋየሁ ይባላል።

«ትልቅ ኪሳራ ነው፣ የመቶ አለቃ» አለ ዶክተሩ።

«ለቤተሰቡ ማለትዎ ነው?»

«ለጥናቱ።»

አባይነህ ቀና ብሎ አየው። መማር መልካም ነገር ነው፤ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ጥናቴን ለሚል ሰው ግን ምን ያህል እንደጠቀመው እንጃ።

«ጥናቱ የምን ነው?»

«የተማረና ያልተማረ ሠራተኛ በሙያ ማን እንደሚበልጥ፣ በደመወዝና በእድገትስ ለምን እንደሚለያይ ነው የማጠናው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱና ፊደል ያልቆጠሩ ሠራተኞች በአንድ ዓይነት ማሽን፣ በአንድ ዓይነት ክር አንድ አንድ ብርድ ልብስ ሠሩ። ስም አልተጻፈበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ሰኞ ገምጋሚዎች መጥተው ሊያዩት ነበር። የበለጠውን ሰው ፋብሪካው ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ይልከዋል።»

«ይቺ ያልተቀደደችው የማን ናት?»

ዶክተሩ መነጽሩን ነካካ። «የወይዘሮ ዓለሚቱ። አንጋፋ ሸማኔ ናት። ፊደል የላትም።»

«የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ማንም የለም» አለ ዶክተሩ፤ ጣቱ ግን መነጽሩን ገና አልለቀቀም።

ዳባ ወደ አባይነህ ጆሮ ተጠጋ። «የፋብሪካው ካድሬ ቀድሞን ስልክ ደውሏል። አሻጥር ነው ብሏል። ሰኞ ጠዋት ከላይ መጥተው ጉዳዩን ይረከቡናል፣ ተጠርጣሪ ካለም ይዘው ይሄዳሉ።»

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚል ቃል የተለጠፈበት ሰው ተመልሶ የቤቱን በር ሲያንኳኳ ያየ ካለ ወዲህ ይበል። አባይነህ ከዱጉማ እጅ ላይ የፈታውን ክር ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። አንድ ወጥ ክር አይደለም። ከወለል የተለቀመ ቁርጥራጭ ነው፤ ቁራጩ ከቁራጩ በትንንሽ ቋጠሮ ተቀጥሏል። ቋጠሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ወደ ግራ የዞረ፣ አንዱ ጭራ ረጅም፣ አንዱ አጭር።

*

የሽመናው ክፍል ጫጫታ ጆሮ ይበላል። አባይነህ ክሩን ለአንዱ ሸማኔ አሳየው፤ ሸማኔው አየና ውሃ ልጠጣ ብሎ ሄደ። ሌላዋ አየችና መሐረቧን ማሰር ጀመረች። ሦስተኛው «ካቦዋን ጠይቅ» አለው።

ካቦዋ፣ የክፍሉ ተቆጣጣሪ፣ ኤሌኒ ናት። ገና ሃያ አምስት ያልሞላት፣ ካኪ ካፖርቷ የተተኮሰ፣ ጸጉሯ ውስጥ እርሳስ የሰካች ልጅ። ወሬ የማያልቅበት ፋብሪካ ስለሆነ ታሪኳን አባይነህ ቢሮዋ ሳይደርስ ሰምቶታል። እናቷ በልጅነቷ ስትሞት ጎረቤቷ ዓለሚቱ ወስዳ አሳደገቻት። በትምህርት እረፍት ፋብሪካ እያመጣች ከጎኗ አቁማ ሽመና አሠለጠነቻት። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰችና አሠሪዎቹ በአሳዳጊዋ ላይ ካቦ አደረጓት። ዓለሚቱ በዚያ ቀን ያልተኩራራችበት ሰው የለም፤ «የምታዘኝ ልጄ ናት፣ እናንተን የምታዝዛችሁ የማን ልጅ ናት?» እያለች።

አባይነህ ክሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይህን ቋጠሮ ታውቂዋለሽ?»

የኤሌኒ ዓይን እንባ አቀረረ። «አይጠይቁኝ፣ የመቶ አለቃ። እናቴ ማለት ናት።»

«ሰው ሞቷል።»

«የእትዬ ዓለሚቱ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የቀኝ ሌባ ጣቷን ማሽን ከቆረጠው ወዲህ እንዲህ ነው የምትቋጥረው። ፋብሪካው በሙሉ ያውቀዋል። የሌላ ሰው ቋጠሮ ይህን አይመስልም።»

«በጥናቱ ተጣልታ ነበር ይባላል።»

«ለዶክተሩ ‹የስንት ዘመን እጄን በአንድ ቀን ልትለካው ነው? ሠርቼም ቢሆን እቀደዋለሁ› ብላው ነበር። አፏ ነው እንጂ ክፉ አልነበረችም። እኔ ለምኛት ነው የሠራችው።»

«አንቺስ ትናንት አመሻሽ የት ነበርሽ?»

«ብስራተ ገብርኤል፣ ቀበሌ አዳራሽ። አርብ አርብ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። እስከ መጨረሻው አስተምሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

አባይነህ ክሩን ወደ ኪሱ መለሰ። «አልነበረችም» ስትል ሰምቷታል፤ ዓለሚቱን ገና ሳይይዛት ልጅቷ በኃላፊ ጊዜ ታወራላት ነበር። ያን ጊዜ ግን ሐዘን አፏን አዙሮት ነው ብሎ አለፈው።

*

ዓለሚቱን ዳባ ከቤቷ ይዟት መጣ። ጣቢያው ወንበር ላይ የተቀመጠችው እንደ እስረኛ ሳይሆን እንደ ቤት ባለቤት ነው።

«ስም?» አለ ዳባ።

«ስሜን ጠርተህ አይደል እንዴ ከቤቴ ያወጣኸኝ? መንገድ ላይ ጠፋብህ?»

«ሥራ?»

«ሌሊት የምትለብሰው ብርድ ልብስ ከየት የመጣ ይመስልሃል?»

ዳባ ሳቁን ዋጠ። አባይነህ እንዲወጣ በዓይኑ ነገረውና ክሩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

ሴትየዋ አየችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አባይነህ ለብዙ ጊዜ አልረሳውም፤ ፊቷ እንደ ተነጠቀ ሰው ፊት ባዶ ሆነ። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ቋጠሮው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ዱጉማን ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

«ቋጠሮው የኔ ነው አልኩህ። የቀረውን እኔ ከነገርኩህ ያንተ ደመወዝ ለምንድን ነው?»

«ትናንት አመሻሽ የት ነበሩ?»

«እግዜር በፈጠረው ምድር ላይ።»

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም የሚያስፈራዎት። ሰኞ የሚመጡት ሰዎች እንዲህ ቁጭ ብለው አይጠይቁም። የነበሩበትን ቦታ ይንገሩኝና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ።»

«ልጄ፣ አንተ ደግ ሰው ነህ። ደግነትህ ግን እኔን አያናግረኝም።»

አባይነህ ሊነሳ ሲል እጇን አየ። ከሌባ ጣቷ የቀረው ጉማጅ ነው፣ አጠገቡ ያለው የመሐል ጣቷ ግን ጎኑ ላይ ጥቁር ነገር ነክቶታል። ክር የሚለቀው ቀለም አይመስልም። የእርሳስ ጥቀርሻ ነው፤ የራሱ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እዚያው ጣቱ ላይ ነው የሚያየው። ዓይኑን አይታ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

*

የዓለሚቱ ጎረቤቶች አርብ አርብ አመሻሽ ወደ መካኒሳ ትወርዳለች፣ ቡዜ ከምትባል ቅቤ ነጋዴ ዘንድ፣ አሉ። አባይነህ የደንብ ልብሱን ለውጦ በዚያው ከሰዓት ሄደ።

ቡዜ ከወላይታ የመጣች ጠይም ረጅም ሴት ናት። «ቅቤው ለጋ ነው፣ ቅመሱት» አለችው ገና በሩን ሳይረግጥ።

«ለቅቤ አልመጣሁም። ዓለሚቱ ታስራለች። እኔ ነኝ ያሰርኳት።»

ቡዜ ማንኪያ እንደያዘች ቆመች። ከኋላዋ የጓዳው መጋረጃ ገርበብ ብሏል፤ አባይነህ አግዳሚ ወንበሮች ሁሉም ወደ አንድ ግድግዳ ዞረው ተደርድረው አየ። ቅቤ ለመግዛት የሚመጣ ሰው ተሰልፎ አይቀመጥም። ያን ጊዜ ጴንጤዎች በየቤቱ ተደብቀው ነበር የሚጸልዩት፣ ሲያዙም የሚገቡበት ይታወቃል። አባይነህ ለመጋረጃው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ከዚህ ክፍል በስተቀር ምንም አላየሁም» አላት። «አርብ አመሻሽ የት እንደነበረች ብቻ ንገሪኝ።»

ቡዜ አጥብቃ አየችው። «እዚሁ ነበረች። ከሥራ ወጥታ መጣች፣ ጨለማ ሲበረታ ሸኘኋት። ፊደል ነው የማስቆጥራት።»

«ቀበሌ በነጻ ያስተምር የለም?»

«ቀበሌ ሲያስገድዳት ዓይኔ አያይም ብላ ቀረች። ዓይኗማ መርፌ ያያል።» ቡዜ ፈገግ ልትል ፈለገችና ተወችው። «እዚያ የምታስተምረው ልጅቷ ናታ። እንዳታውቅባት ፈልጋ ነው። ‹ኤሌኒዬ ጀርመን መሄዷ አይቀርም። ደብዳቤ ስትጽፍልኝ ሰው አያነብልኝም፣ የልጄን ነገር ራሴ ነው የማነበው› ትላለች። አሁን ቀስ ብላ ትጽፋለች። መጀመሪያ የጻፈችው የልጅቷን ስም ነው።»

«ይህን ብትነግረኝ ዛሬ ቤቷ በገባች።»

«እኔስ የት እገባ ነበር?» አለች ቡዜ። «ይህን ስለምታውቅ ነው። እርሷ ጴንጤ አይደለችም፣ ጾሟንም አትፈታም። ግን አብራኝ እንጀራ ቆርሳለች።» ማንኪያውን አስቀመጠች። «ልምጣና ልመስክር። እመጣለሁ።»

«አትምጪ። ከመጣሽ የሚታሰረው ሁለት ሰው ይሆናል። እኔም የት እንደዋልኩ አልጽፍም።»

አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ በእግሩ ወጣ። ሴትየዋ ነጻ እንደሆነች ያውቃል፣ ለሰው ግን መናገር አይችልም። የሚጠቅመው እውነት እጁ ላይ ያለው አይደለም። ሌላ መፈለግ አለበት፤ ኤሌኒ «አልነበረችም» ያለችው ያን ጊዜ ትዝ አለው።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብስራተ ገብርኤል ቀበሌ አዳራሽ ደጃፍ ላይ እማማ ተናኘ የተባሉ አሮጊት አገኘ። የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ናቸው።

«አርብ ትምህርት እንዴት ነበር፣ እማማ?»

«የምን ትምህርት? ስኳር መጥቶ?»

«አልገባኝም።»

«ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል አዳራሹ ባዶ ቀረ። ‹ሀ ሁ› ሻይ አያጣፍጥ። አሰላፊው ራሱ ተሰልፎ ነበር።»

«አስተማሪዋስ ተቆጣች?»

«ኤሌኒ? የት መጥታ ትቆጣለች? ብትመጣማ አብራን ትሰለፍ ነበር፤ ስኳር የማይወድ የተማረ አላየሁም። እኔ እንዲያውም ቦታ ይዤላት ነበር።»

አባይነህ አመስግኖ ቀጥታ ወደ ዶክተር ወጋየሁ ቤት ሄደ። ዶክተሩ በር ላይ ሊሸኘው ሞከረ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለው አባይነህ። «ያልተቀደደችው የዓለሚቱ መሆኗን የሚያውቀው እርስዎ ብቻ ከሆኑ፣ ነገ ለሚመጡት ሰዎች የምሰጣቸው ስም የእርስዎ ነው።»

ዶክተሩ በሩን ለቀቀው። ተቀመጠ። «ለኤሌኒ ነግሬያት ነበር» አለ። «ሐሙስ ዕለት። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ለጥናቱ ብዙ ረድታኛለች። የአሳዳጊሽ ከሁሉም ይበልጣል፣ ያንቺ ደከም ያለ ነው፣ አልኳት። ቁጥሮቹንም ነገርኳት። ሰኞ በሰው ፊት እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።»

«ለሠራተኞቹ የቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም ብለው ምለው አልነበር?»

«መርሁ እንዲያ ነው።»

አባይነህ ቆቡን አደረገ። ዱጉማን የገደለው አንድ እጅ ነው፤ ለዚያ በሩን የከፈተው ግን የዶክተሩ አፍ ነው፣ እሱ ደግሞ አይታሰርም።

*

ሰኞ ገና ሲነጋ፣ የጠዋቱ ተረኛ ሲገባ፣ አባይነህ ሽመናው ክፍል ደርሷል። ኤሌኒ በማሽኖቹ መሐል እየተዘዋወረች ነበር። ካቦ ከሆነች ወዲህ ክር ስትቀጥል ያያት የለም፤ ለፈተናው አንድ ቀን ማሽን ላይ ስትውል እንኳ ሁሉም በየራሱ ሥራ አቀርቅሮ ነበር።

«አንድ ነገር አሳዪኝ» አላት። አንዱን ሸማኔ በምልክት ማሽኑን እንዲያቆም አደረገና ከድሩ አንዱን ክር በጣቱ ጎትቶ በጠሰው። «እንዲህ ሲበጠስ እንዴት ነው የሚቀጠለው? ለሪፖርቴ ነው።»

«ይህማ ቀላል ነው» አለች ኤሌኒ። ጎንበስ ብላ ሁለቱን ጫፎች ያዘች። አፍታም አልቆየች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል።

አባይነህ ክሩን አላየም፤ እጇን ነው ያየው። ክር ይዘው የነበሩት ሸማኔዎችም አዩት። አንደኛዋ «ኧረ በስመ አብ» አለች በቀስታ።

«ሌባ ጣትሽን አሞሻል እንዴ?» አለ አባይነህ።

«የለም፣ ለምን?»

«ታዲያ ለምን አጠፍሽው?»

ኤሌኒ ወደ ቀኝ እጇ አየች፣ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ። ሌባ ጣቷ መዳፏ ውስጥ ተቆልምሞ ተደብቋል። ክሩን በአውራ ጣቷና በመሐል ጣቷ ብቻ ነው የያዘችው። በልጅነቷ አጠገቧ ቆማ ያየችው እጅ ሌባ ጣት አልነበረውም፤ ሽመና ማለት እንዲህ ነው ብላ የሌላትን ጉድለት አብራ ተማረች። ያሠለጠነቻትም ልጅቷ ስታድግ ራሷ ትተወዋለች ብላ ሳታርማት ቀረች።

አባይነህ ከኪሱ የዱጉማን ክር አውጥቶ ድሩ ላይ አጋደመው። ሁለቱም ወደ ግራ የዞሩ፣ አንዱ ጭራ ረጅም፣ አንዱ አጭር።

«የእትዬ...» ብላ ጀመረች።

«እትዬሽ አርብ የት እንደነበረች አውቃለሁ። አንቺ ግን ስኳር በመጣበት ቀን ባዶ አዳራሽ አስተምረሻል።»

አንድ ሰው ማሽኑን አጠፋው። ከዚያ ሌላው። ጫጫታው እየተቆረጠ እየተቆረጠ ሄዶ ጸጥ አለ። ኤሌኒ ማሽኑን ተደግፋ ቆመች።

«ቁጥሮቹን ልለዋውጥ ነበር በካቦ ቁልፌ የገባሁት» አለች። «የሷን ለኔ፣ የኔን ለሷ። እሷ ጀርመን ሄዳ ምን ትሠራለች ብዬ። ጋሽ ዱጉማ ከበሩ ላይ ሆኖ አየኝና ገባ። ‹አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ› አለኝ፣ ከዚያ በእጄ የያዝኩትን አየ። ለዓለሚቱ እነግራለሁ አለ። ለፋብሪካው አላለም፣ ለዓለሚቱ ነው ያለው። ገፋሁት።»

«ከወደቀ በኋላ ለምን አሰርሽው?»

«ይተነፍስ ነበር። ይጮሃል ብዬ ፈራሁ።»

«ሬሳውን የመረመረው ሐኪም አፉ ባይወተፍ ይተርፍ ነበር ይላል።»

ኤሌኒ እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«ብርድ ልብሶቹንስ?»

«ማንም እንዳያወዳድራቸው። ሁሉንም ቀደድኩ።»

«የሷን ለምን ተውሽው? በእሷ እንዲላከክ?»

«አይደለም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው። «መቀሱን አስጠጋሁት። እጄ እምቢ አለኝ። በር ላይ ደርሼ ዞር ስል ግን የሷ ብቻ መቅረቱን አየሁ። ሰው ምን እንደሚል ገባኝ።»

«ከዚያስ?»

«ተውኩት» አለች ኤሌኒ።

*

ከላይ የመጡት ሰዎች ጣቢያው ግቢ ውስጥ ላንድሮቨራቸውን አቁመው ሻይ እየጠጡ ነበር። አሻጥር ሳይሆን ነፍስ ግድያ ነው፣ ገዳይዋም አምናለች ሲባሉ ፊታቸው ጨፈገገ። ነገሩ ፖለቲካ ከሌለበት ለእነሱ ዱጉማ አልሞተም። ሄዱ።

አባይነህ ዓለሚቱን ከእስር ክፍሉ ራሱ አወጣት።

«መቼ ነው ያወቁት?» አላት።

«ክሩን ጠረጴዛህ ላይ ስታስቀምጠው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«መጥታ ትናገራለች ብዬ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ቅዳሜ በሩ በተከፈተ ቁጥር እሷ ናት አልኩ። እሑድም። እኔን አስወጥታ እሷ እንድትገባ አይደለም የጠበቅሁት። መጥታ ብትነግረኝ ጥፋቱን እኔው በወሰድኩላት ነበር።»

አባይነህ ወደ መሬት አየ።

«ቋጠሮው የማን ነው ስትላት ምን አለች?» አለች ዓለሚቱ።

አባይነህ የእስር ክፍሉን ቁልፍ ወደ ኪሱ መለሰ።

«ተናገር እንጂ። ፖሊስ አይደለህም?»

«የእርስዎ ነው አለች።»

ዓለሚቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ዋጋ ጠይቃ የፈራችውን ዋጋ እንደነገሯት ሴት። ወደ ዳባ ጠረጴዛ ሄደች።

«ሲወጡ ይፈርሙ» አለ ዳባ፣ በአንድ እጁ እስክሪብቶ በሌላው የቀለም መርገጫ እየገፋ። «መጻፍ ይችላሉ እንዴ?»

ዓለሚቱ እስክሪብቶውን አየች። የመሐል ጣቷና አውራ ጣቷ ሊይዙት ቀረብ አሉ። ከጻፈች ማን እንዳስተማራት ይጠየቃል። ቀና ብላ አባይነህን አየችው፤ እሱም ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«እኔ ምን ፊደል አውቄ» አለች፣ አውራ ጣቷንም ቀለሙ ላይ ተጫነች።

እጇን እየጠረገች ሳለ ኤሌኒን አስገቧት። የእሷ አሻራ ደግሞ ጣት በጣት ይነሳል፤ ለእስረኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስ አይቆጠርም። ዳባ ቀኝ እጇን ይዞ አውራ ጣቷን አስረገጠ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ጣቱ ታጥፎ እምቢ አለው።

«ዘርጊው» አላት። «ዘርጊው እኮ ነው የምልሽ።»

ኤሌኒ ቁልቁል እንዳየች ነው። ጣቱ መዳፏ ውስጥ እንደገባ ነው።

ዓለሚቱ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ቆመች። ፊቷን ግን አላዞረችም።

«ጣትሽን ዘርጊ፣ ኤሌኒ» አለች። «የተቆረጠው የኔ ነው።»